ወንድሜ ደረቱን እያመመው ሐኪም ቤት አልሄድም አለኝ

ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ታናሽ ወንድሜ ቅዳሜና እሑድ ኮኬይን ከመጠጥ ጋር ይወስዳል። አሁን አሁን ደረቱን ጨምድዶ ይይዘዋል፤ እርሱ ግን «ጨጓራ ነው» ብሎ ይከራከረኛል። ገና 31 ዓመቱ ስለሆነ የልብ ሕመም የሽማግሌ ብቻ ይመስለዋል።

ያነበብኩት ሌላ ነው። ኮኬይን የልብን ደም ስሮች ያጠብባል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ደምም እንዲረጋ ያግዛል፤ ልብ ብዙ ኦክስጅን በሚፈልግበት ሰዓት የሚደርሰው ያንሳል። ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ደግሞ ጉበት ውስጥ ኮካኤቲሊን የሚባል፣ ከኮኬይኑ ረዘም ብሎ በሰውነት የሚቆይ ነገር ይፈጠራል።

ዋናው ጭንቀቴ ይህ ነው፦ ለደም ግፊቱ ፕሮፕራኖሎል ታዝዞለታል፤ ሐኪሙ ግን ስለ ኮኬይኑ አያውቅም። ሁለቱ ሲገናኙ ደም ስርን ይበልጥ ሊያጠቡ ይችላሉ ይባላል፤ ኪኒኑን በድንገት ማቋረጥም አደገኛ ነው። ወንድሜ እውነቱን የማይናገረው «የመኖሪያ ፈቃዴ ይበላሻል» ብሎ ስለ ራሱ ስለሚፈራ ነው። (ይህን ወሬ ማን እንደነገረው እንጃ!)

የሕክምና ወይም የሕግ ዕውቀት ያላችሁ እባካችሁ መልሱልኝ፦ ሐኪም ከታካሚ የሰማውን ለኢሚግሬሽን ያስተላልፋል? ደረቱን እንደገና ከያዘውና 911 ከደወልኩ፣ ስለ ኮኬይኑ እርሱ እየሰማ ልንገራቸው? ከሐኪሙ ጋር እኔ ብቻዬን መነጋገርስ ይፈቀድልኛል?