የጋራ ፕሮፖዛል ረቂቅ 3፦ የተማሪዎች ላብራቶሪ በአራዳ

ሰብሳቢ፦ ረቂቅ 3 ይኸው። ሦስቱ ማኅበራት እናዋጣለን፣ አራት ኪሎ አካባቢ ቤት እንከራያለን፣ የሁለተኛ ደረጃ ልጆች ከሰዓት እየገቡ በእጃቸው ይሠራሉ። ክፍለ ከተማው እስከ ዓርብ ይፈልገዋል። አስተያየት በአጭሩ።

ፊዚክስ 82፦ ዋናው ዕቃው ነው። የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በ2016 ሲጀመር ብዙ ልጅ በስልኩ ሰርተፍኬት ወሰደ፣ ጎበዝ። ቴስተር ይዞ የባትሪ ቮልት የለካ ግን ስንቱ ነው? ሁለት ኦሲሎስኮፕ፣ የኤሌክትሪክ ሞገድን በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ፣ ካልተገዛ ኪራዩ ከንቱ ነው።

ሒሳብ ያዥ፦ ገጽ 6 ላይ 120 ቲሸርት ይላል። ማን አስገባው?

የአምስት ኪሎ ልጅ፦ እኔ ነኝ። ለምርቃቱ ነው። ያለ ቲሸርት ማን ያየናል?

ሒሳብ ያዥ፦ ከአንዱ ኦሲሎስኮፕ ይበልጣል እኮ! ፒያሳ ሲፈርስ ቢሮ አጥተን ማኅተም በቦርሳ ይዘን የምንዞር ሰዎች ነን።

የአምስት ኪሎ ልጅ፦ ለችግኝ ተከላው ቲሸርት ሲለብሱ ምነው ዝም አሉ?

ሒሳብ ያዥ፦ በኪሴ ነው የገዛሁት! ደረሰኙ አለ። ደግሞ ከማን ጋር እንደምታወሪ እወቂ።

ጋሽ ኬሚስትሪ፦ እሱ ይቆየን። ቲሸርቱን ሰማያዊ ያደረገው ማነው? የኛ ማኅበር አረንጓዴ ነው።

የሦስተኛው ማኅበር ተወካይ፦ ሰማያዊ የኛ ነው። ካልሆነ መዋጮአችንን እንደገና እናያለን።

ፊዚክስ 82፦ ኧረ በማርያም! አራት ኪሎ ግቢ የምድርን መግነጢስ መለካት የጀመረው በ1950 ነው፤ ለማግኔት ወገብ፣ የኮምፓስ መርፌ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል ለሚተኛበት መስመር፣ ቅርብ ስለሆንን። ይህ ሁሉ ደጃችን ላይ እያለ የሰፈሩ ልጅ ግቢውን የሚያውቀው በአጥሩ ነው። እናንተ ቀለም ትመርጣላችሁ።

ሰብሳቢ፦ ገጽ 3ን "እኔ አስተካክላለሁ" ያላችሁ ሁለት ሰዎች የት ገባችሁ? ስልክ አይነሳም።

ባዮሎጂ፦ አከራዩ የዓመት ቅድሚያ ክፍያ ይላል። አንችለውም። መጀመሪያ ጉብኝት እናድርግ። ሳይንስ ሙዚየም፣ ከዚያ እንጦጦ። በ2012 የመጠቀችውን ባለ 72 ኪሎ ሳተላይት የተቆጣጠሩበትን ጣቢያ ይዩ። አንድ አውቶቡስ ይበቃል።

ፊዚክስ 82፦ አይቶ መመለስ መቼ እንጀራ ሆነ? ልጁ የሕክምና መሣሪያ መጠገን ቢለምድ፣ ማሽኑ ተበላሽቶ ጨርቅ ያለበሰው ክሊኒክ ሁሉ ደንበኛው ነው። የእውቀት ኢኮኖሚ ያልነው ይሄን ነበር።

ጋሽ ኬሚስትሪ፦ ልክ ነው። ግን አረንጓዴ።

ሒሳብ ያዥ፦ በአውቶቡስ ከሆነስ ቲሸርቱ ያስፈልጋል፣ ልጅ እንዳይጠፋብን። 80 ይሁን።

የአምስት ኪሎ ልጅ፦ ኑሩልኝ ጋሼ! ቡና በኔ ነው።

የሦስተኛው ማኅበር ተወካይ፦ ሰማያዊ ከሆነ ተስማምተናል።

ሰብሳቢ፦ እንግዲያው ረቂቅ 4 "የጉብኝት መርሐ ግብር" ተብሎ ይገባል። ላብራቶሪው በአባሪ። አውቶቡስ በቅናሽ የሚያገኝልን አለ?

ፊዚክስ 82፦ አባሪ የሚያነብ ቢሮ ካለ ንገሩኝ።

ሒሳብ ያዥ፦ የኦሲሎስኮፑን ብር ለነዳጅ አዙሬዋለሁ። የልብስ ቁጥር እስከ ሐሙስ ላኩ።