ሳቢያን፣ ከዚራ ወይስ ሐረር? የምታውቁ ምከሩን

ጤና ይስጥልን። በሥራ ዝውውር ከደሴ ወደ ድሬዳዋ መምጣታችን ነው፤ ሁለት ልጆች አሉን፣ የቱ ሰፈር ብንከራይ ይሻላል? ከዚራ የዛፉ ጥላ ደስ ይላል። ለደቻቱ ወንዝ የቀረበ ግቢ ግን ያስፈራል፤ የ1998ቱ ጎርፍ እንዳሳየው ከተማው ላይ ባይዘንብም ደጋው ላይ የጣለው ወደ ታች ይወርዳል። ሳቢያን አዳዲስ ቤት አለ፤ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ጣሪያ ግን ግንቦት ላይ ምድጃ ነው። ሐረር ይቀዘቅዛል፣ ነገር ግን የደንገጎን ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ ይዞ 55 ኪሎ ሜትር ያህል በየቀኑ መመላለስ ይቻላል?

ውሃ በየሰፈሩ በስንት ቀን ይመጣል? ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ለአራት ሰው ይበቃል? ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ኖራስ በምን ታስለቅቃላችሁ? የቀበሌ መሸኛ ይዘናል፤ አከራዩ ውል አልፈርምም ካለ መታወቂያ እንዴት ይወጣል?