አስቸኳይ፦ የልጄ የልደት ካርድ ባለቤቴ ጋ ቀርቷል፤ ኬጂ እንዴት ላስመዝግበው?

የማሙሽ እናት፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ምዝገባው ሰኞ ያበቃል። ልጄን ላስመዘግብ ሄጄ የልደት ካርድና የክትባት ካርድ አምጪ ተባልኩ። ሁለቱም ባለቤቴ ጋ ናቸው። ርዕሰ መምህሯ ደግሞ "አባቱ መጥቶ ይፈርም" አለችኝ። እሱ ጋ መሄድ አልችልም። ምን ላድርግ?

የጉለሌዋ፦
የት ከተማ ነሽ? ልጁ ስንት ዓመቱ ነው? የመንግሥት ነው የግል? ደግሞ ለምንድነው መሄድ የማትችዪው?

የማሙሽ እናት፦
አዲስ አበባ። አምስት ዓመቱ ነው። የመንግሥት። የማልሄደው ስለሚመታኝ ነው። ከቤት ከወጣሁ ሦስት ሳምንቴ፤ እህቴ ጋ ነኝ። ሌሊት በነጠላ ጫማ ልጄን አዝዬ ነው የወጣሁት። ወረቀት የማነሳበት ጊዜ አልነበረም።

ፈጣን መልስ፦
ወረዳ ሂጂ። ወሳኝ ኩነት ምትክ ይሰጥሻል። አለቀ።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ ባልና ሚስት ይጋጫል። ሽማግሌ ላኪበት። የአምስት ዓመት ልጅ ከአባቱ ተለይቶ ምን ትምህርት ይገባዋል? መጀመሪያ ቤታችሁን አስተካክሉ። ኬጂው ይደርሳል።

ቲቸር፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አልስማማም። ኬጂ ሳስተምር 11 ዓመቴ ነው። አንድ ልጅ ነበረኝ፤ በር ድው ሲል ጠረጴዛ ሥር ይገባል። ከምሳ በኋላ ምንጣፉ ላይ እንዳረፈ ድብን ብሎ ይተኛል። ቤት ሌሊቱን ሙሉ ጩኸት ስለሆነ አይተኛም ነበር። እስከ ኅዳር አንድ ቃል አልተነፈሰም። ታኅሣሥ ላይ አንድ ቀን ከሌሎቹ ጋር "ሀ ሁ" ብሎ ጮኸ፤ እኔ ዞሬ አለቀስኩ። ለእንዲህ ያለ ልጅ ኬጂ ይደርሳል አይባልም።

የማሙሽ እናት፣ የክትባቱ ነገር አያስጨንቅሽ። የተከተበበት ጤና ጣቢያ መዝገብ አለው፤ የተከተበበትን ጊዜ ነግረሽ ጠይቂያቸው። ስትመዘግቢው ልጁን ማን እንደሚወስደው በጽሑፍ ስጫቸው፤ አንቺና እህትሽ ብቻ። ለክፍሉ መምህርት ደግሞ ለብቻዋ ንገሪያት። ካላወቀች ልጁን "አስቸጋሪ" ትለዋለች።

ፈጣን መልስ፦
እኮ ወረዳ ሂጂ አልኩሽ።

የማሙሽ እናት፦
የተመዘገበው እዚያው እሱ ያለበት ወረዳ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። ከታየሁ ወዲያው ይደውሉለታል።

የሕግ ሰው፦
ብቻሽን አትሂጂ። ወይ ለእህትሽ ውክልና ስጫት።
ስለ ፊርማው፦ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 219 ጋብቻው እስካለ ድረስ አባትና እናት በጋራ የልጁ ሞግዚትና አሳዳሪ ናቸው። አንቺም እኩል ነሽ። ርዕሰ መምህሯን በትሕትና "የእኔ ፊርማ የማይበቃው በየትኛው መመሪያ ነው? በጽሑፍ ስጪኝ" በያት። ብዙ ጊዜ ልማድ እንጂ መመሪያ አይደለም።
ግን ልብ በይ፤ በዚያው ሕግ እሱም እኩል ነው። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልያዝሽ አባትየው በር ላይ ቢመጣ ትምህርት ቤቱ እምቢ ለማለት ይቸገራል። ፍቺ ለመጠየቅ ካሰብሽ በአንቀጽ 82 መሠረት ፍርድ ቤቱ ጥያቄው እንደቀረበ ስለ ልጁ አጠባበቅና ቀለብ ወዲያው ትእዛዝ መስጠት አለበት። ፍቺው እስኪያልቅ አትጠብቂም። ድብደባውም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 ያስጠይቃል። ፖሊስ ጣቢያ አመልክተሽ የሐኪም ማስረጃ አስወጪ፤ ቁስሉ ሳይጠፋ።
ጠበቃ መክፈል ካቃተሽ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነፃ ይረዳል፤ 7711 ደውዪ።

ጡረተኛው፦
እኛ በዘመናችን ፍርድ ቤት አናውቅም ነበር። እናቶቻችን ችለው ነው ያሳደጉን።

የጉለሌዋ፦
ጋሼ፣ ችለው አይደለም፤ መሄጃ አጥተው ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከሴቶቹ ራሳቸው 63 በመቶዎቹ ባል ሚስቱን የሚመታበት አጥጋቢ ምክንያት አለ ብለዋል። ከወንዶቹ 28 በመቶ ናቸው። እንዲህ እየተባልን ስላደግን እኮ ነው! እናቴም አንዷ ነበረች። እኔ ግን የእናቴን ጩኸት እየሰማሁ ብርድ ልብስ ውስጥ ጆሮዬን ይዤ ነው ያደግኩት።

ጡረተኛው፦
እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ። እንግዲያስ ሽማግሌው ይቅር። ወረዳ የሚሸኛት ሰው ካጣች እኔ ጊዜ አለኝ። ሽማግሌ ሰው አጠገቧ ካለ አይደፍሯትም።

ቲቸር፦
ተባረኩ ጋሼ።
አንድ የረሳሁት፦ ከቻልሽ ከድሮ ሰፈርሽ ራቅ ያለ ትምህርት ቤት ምረጪ። ፎቶውን በዩኒፎርም ቲክቶክም ፌስቡክም ላይ አትለጥፊ። ቁርስና ምሳ እዚያው ይመገባል፤ ዩኒፎርምና ደብተርም ከተማው ይሰጣል።

እንግዳ፦
እህትሽ ጋ መቆየት ካልቻልሽስ? የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ሴቶችን ከነልጆቻቸው ይቀበላል። ብቻ እቤት አትመለሺ።

የማሙሽ እናት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ጤና ጣቢያ ሄጄ የክትባቱን ወረቀት አገኘሁ። ልደቱ ገና ነው። ማሙሽ ማታ ማታ "ነገ ነው ትምህርት ቤት?" እያለ ይጠይቀኛል። ቦርሳ ብሎ ፌስታል አንጠልጥሎ ቤት ውስጥ ይዞራል።

ፈጣን መልስ፦
ወረዳ ከጋሼ ጋር ሂጂ።

የጉለሌዋ፦
የኔው ልጅ የመጀመሪያ ቀን አልገባም ብሎ በር ይዞ አለቀሰ። ስወስደው ደግሞ አልወጣም ብሎ አለቀሰ! አይዞሽ። ያለፈው ዓመት ቦርሳው እኔ ጋ አለ፤ ዚፑ አልተበላሸም። 28 ቁጥር ጫማም አለ። ስንት ቁጥር ነው የሚያደርገው? በውስጥ ጻፊልኝ፤ ከሰኞ በፊት አደርስልሻለሁ።