ጎረቤት ጫት ረጨ፣ የአባቴ ንብ አለቀ፤ የሚክስ አካል አለ?

የሮቢት ልጅ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር አጠገብ ሮቢት ነን። አባቴ 11 ቀፎ ነበራቸው፤ አራቱ ዘመናዊ፣ ሰባቱ ባህላዊ። ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ጠዋት ጫቱን ረጨ። ከሰዓት በኋላ ንቡ ቀፎው ደጃፍ ላይ እንደ ጤፍ ተዘርቶ አገኘነው። ስድስቱ ቀፎ ጭጭ ብሏል። አሜሪካ ያለው አጎቴ «እዚህ ንብ ሲሞት መንግሥት ይከፍላል» አለኝ። እውነት ነው? እኛስ ማንን እንጠይቅ?

ዳኮታ ያለሁ፦ አጎትህ አልዋሸም፤ ግን ነገሩን አሳጥሮታል። እዚህ አሜሪካ ፕሮግራሙ ኢላፕ ይባላል። ለከብት፣ ለንብና ለእርባታ ዓሣ የሚሰጥ አስቸኳይ ድጋፍ ነው። በፈረንጅ 2014 በወጣው የእርሻ ሕግ ቋሚ ሆነ። ሕጉ የሚጠቅሰው በሽታን፣ ክፉ የአየር ጠባይን፣ ሰደድ እሳትን ነው እንጂ የጎረቤትን መርጫ አይደለም። ደግሞ ንብ ስለሞተ ብቻ ብር አይመጣም። ስንት ኅብረ ንብ (በአንድ ቀፎ አብሮ የሚኖር የንብ መንጋ) እንዳለህ በየዓመቱ እስከ ጃንዋሪ 2 አስመዝግበህ መገኘት አለብህ። የሚከፈለውም በወትሮው ከሚሞተው በላይ ላለቀው ነው።

ፎገሬው፦ ለከብትስ? እኛን የርብና የጉማራ ወንዞች በየክረምቱ ያጥለቀልቁናል።

ዳኮታ ያለሁ፦ እዚህ በአደጋ ለሞተ ከብት ሌላ ፕሮግራም አለ፤ ከአማካይ የገበያ ዋጋው 75 በመቶ ይከፍላል። ኢላፕ ሌላው ያልሸፈነውን ነው የሚይዘው። ለምሳሌ በድርቅ ጊዜ ለከብት ውኃ በመኪና የሚጋዝበትን ወጪ።

የቀድሞ የልማት ሠራተኛ፦ ወደ አገራችን እንመለስ። እኔ በሠራሁበት ዘመን ንቡ ለሞተበት ቀፎ በየቀፎው ብር ሲከፈል አላየሁም። ያንተ ጉዳይ ግን የተፈጥሮ አደጋ አይደለም፤ ያጠፋ ሰው አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ይካስ ይላል። ስለዚህ ማስረጃ ያዝ። የሞተውን ንብ ጠርገህ አትድፋ! እፍኝ ሙሉ በወረቀት ጠቅልለህ ፍሪዘር ያለው ሰው ጋ አስቀምጥ። ፎቶ አንሳ፣ የተረጨበትን ቀንና ሰዓት ጻፍ። የመርዙን ጠርሙስ ካገኘህ ስሙን መዝግብ። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ መጥቶ አይቶ በጽሑፍ ያስፍርልህ። ምርመራው የት እንደሚደረግ አንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ሄደህ ጠይቅ፤ ቅርብህ ነው።

ቆፍጣናው፦ ምን ይለፋል? ቀጥታ ፖሊስ ጋ ሂድ።

የዘጌዋ እናት፦ ተው እንጂ፣ ነገ ከዚያው ሰው ጋር አብሮ ለቅሶ ይደረሳል። መጀመሪያ ሽማግሌ ይግባ፤ እንቢ ካለ ፖሊሱም ፍርድ ቤቱም የትም አይሄድም። ልጄ፣ አሁን የተረፉትን አምስቱን አድን። ሌላ ቦታ ካለህ ማታ ንቡ ሲገባ አጓጉዛቸው። የአበባ ዱቄት የያዘውን የሰም እንጀራ አውጣ፤ መርዙ እዚያ ተቀምጦ እጭ የሆኑትን የንብ ልጆች ይጨርሳል። ስኳርና ውኃ እኩል በጥብጠህ ስጥ፣ ንጹሕ ውኃም አጠገባቸው አድርግ። የሞቱት ቀፎዎች ማር ለሰው እንዳይቀርብ፣ አደራ! ከጎረቤትህም ጋር ተዋዋሉ፦ ሲረጭ ከጀንበር መጥለቅ በኋላ ይሁን፣ ከዋዜማው ይንገራችሁ። በማግስቱ ጠዋት ንብ ሳይወጣ መግቢያውን በወንፊት ሽቦ ዝጉ። ከፀሐይ ግን አስጠልሉት፤ ታፍኖ የሚሞተው ከመርዙ አያንስም።

የሮቢት ልጅ (ጠያቂ)፦ እግዜር ይስጥልኝ እማ። ንቡን ጠቅልዬ ከተማ አክስቴ ፍሪዘር ውስጥ አስገባሁት፤ «ከሥጋዬ ጋር!» ብላ ጮኸችብኝ። ባለሙያው ነገ ይመጣል። ሽማግሌዎቹ እሑድ ይቀመጣሉ። ጎረቤታችንም ደንግጧል፣ ንብ መኖሩን ረስቶት ነው የረጨው። የቸገረኝ አባዬ ናቸው። የቀፎውን ቁጥር ደብተር ላይ ልጻፍ ስላቸው «ሀብት አይቆጠርም፣ በረከቱ ይሸሻል» ብለው ተቆጡ።

ዳኮታ ያለሁ፦ እና ምን አደረግክ?

የሮቢት ልጅ (ጠያቂ)፦ በየቀፎው ላይ በከሰል ቁጥር ጻፍኩበት። «የቀፎ ስም ነው» አልኳቸው።