ጥቆማ፦ ለጎልማሳ የሚሆን ሳይክልና የሚጠግነው ሰው፣ ከአያት እስከ ሰንዳፋ

ጠያቂ፣ ከአያት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜ 48፣ ቁመት 1.72፣ ክብደት 88 ኪሎ፣ የግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። ቅዳሜና እሁድ በለገጣፎ በኩል ወጣ ለማለት፣ በአዘቦት ቀን ደግሞ ገበያና ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ የሚሆን ሳይክል ፈልጌ ነበር። አዲስ ከመርካቶ ይሻለኛል ወይስ ያገለገለ? ለጥገናውስ የሰፈር ጎሚስታ ይበቃል?

ከለገጣፎ፦
ወንድሜ፣ በ88 ኪሎ ከሁሉ በፊት የሚታየው የኋላ ጎማው እምብርት ነው። ርካሾቹ ባለ 6 እና ባለ 7 ማርሽ ሳይክሎች አብዛኛዎቹ የኋላ ጥርሳቸው እንደ ዳዶ ተጠምዝዞ የሚገባ ነው። በዚህ አሠራር የቀኙ ኩሽኔታ ወደ ውስጥ ገባ ስለሚል የፐርኖው (እምብርቱን የሚያቋርጠው ዘንግ) ጫፍ ድጋፍ አያገኝም። ኮብልስቶን ላይ ከባድ ሰው ተቀምጦበት ሲዘል ፐርኖው ይጎብጣል፣ ውሎ አድሮ ይቆረጣል። ካሴት የሚባለው፣ ጥርሱ እምብርቱ ላይ ተሰክቶ የሚገባው፣ ግን ኩሽኔታው እስከ ዳር ስለሚደርስ ይችላል። ሻጩ ሁሉንም «ኦሪጅናል ሺማኖ ነው» እያለ የታወቀ የማርሽ ስም ስለሚጠራ ራስዎ ይለዩት፦ ጎማውን በአንድ እጅ ይዘው ጥርሱን ብቻ ወደ ኋላ ያዙሩ። መሐል ላይ ያለው የመፍቻ መግቢያ ከጥርሱ ጋር አብሮ ከዞረ ካሴት ነው፤ ቆሞ ከቀረ ጠምዛዛው ነው።

ማርሹ፣ ከፊት ትንሹ 22 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ 34 ጥርስ የሆነ ካገኙ አይለፉት። በ26 ኢንች ጎማ አንድ ሙሉ የፔዳል ዙር 1 ሜትር ከ30 ገደማ ያስኬድዎታል፣ ዳገቱን እየተነፈሱ ይወጡታል። ፊት 44 ኋላ 18 ጥርስ ያለው ማርሽ አልባ ሳይክል በአንድ ዙር ከ5 ሜትር በላይ ይሄዳል። ሜዳ ላይ ያምራል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ አገር ዳገት ላይ ግን ጉልበት ነው የሚበላው።

የጎማ ልኩ 26 ይሁን። 29 ኮብልስቶኑን እንደሚያለሰልሰው አልክድም፣ ግን ሰንዳፋ መንገድ ላይ ቢፈነዳብዎ በቀላሉ የሚያገኙት የ26ቱን ነው።

ከሰሚት፦
እኔ ደግሞ አዲሱን አልደግፍም። በዚያው ብር ከውጭ የገባ ያገለገለ ሳይክል ይበልጣል፣ መመርመር ለሚችል። የፊት ፍሬኑን ይዘው ሳይክሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፉት፤ መሪው ሥር ቀጭ ቀጭ ካለ ኩሽኔታው ላልቷል፣ ይህ በማጥበቅ ይስተካከላል፣ አያስፈራም። ቸርኬው ላይ የፍሬን ሸራው የሚያርፍበትን ጎን በጥፍርዎ ይዳስሱ። ጎድጎድ ካለ ሸራው በልቶታል፤ ቁልቁለት ላይ ሊሰነጠቅ ስለሚችል የቸርኬ ዋጋ ያስቀንሱ። ከመሪው ሥር ባለው ብየዳ ላይ ቀለሙ እንደ ፀጉር ተሰንጥቆ ካዩ ግን በነጻ ቢሰጡዎትም አይውሰዱ። አልሙኒየም በሰፈር በያጅ አይድንም።

ሰንሰለቱን በማስመሪያ ይለኩ። ከአንድ ፒን መሐል ተነሥተው 24 መጋጠሚያ ሲቆጥሩ አዲስ ሰንሰለት 30.5 ሳንቲም ይሆናል። 30.7 ከደረሰ ሰንሰለቱ ይቀየራል። 30.8 ካለፈ ጥርሱንም ጨርሶታል ማለት ነው፤ አዲስ ሰንሰለት ብቻ ቢያስገቡ ዳገት ላይ እየዘለለ ያስቸግርዎታል።

መጨረሻ ገልብጠው ከፔዳሎቹ መሐል ሥር የተቀረጸውን ቁጥር ይዩ። በሞረድ ተፍቆ ከሆነ ደህና ሰንብት ብለው ይሂዱ። ካለ ደግሞ ቁጥሩ ውሉ ላይ ይጻፍ።

ከለገጣፎ፦
«መመርመር ለሚችል» ያልከው ላይ ነው ጨዋታው! ለማንኛውም አዲስ የሚገዛም አይዘናጋ። ካርቶን ውስጥ የመጣውን በጥድፊያ ገጥመው ነው የሚሰጡት፣ ኩሽኔታው ውስጥ ግራሶ የሌለው ሞልቷል። የመጀመሪያዎቹን 100 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ ራጂዎቹ (ቸርኬውን ከእምብርቱ የሚያያይዙት ቀጫጭን ሽቦዎች) ስለሚላሉ እንደገና መወጠር አለባቸው። ያንን የዘለለ ሰው በሦስተኛው ወር ራጂ በየተራ ሲቆረጥበት ሳይክሉን ይረግማል።

ከየካ አባዶ፦
ጥገናውን በተመለከተ። ጎሚስታ ለቀዳዳ ይበቃል፣ ቆመው ካሠሩ። በሙቀት የሚጣበቀው የመኪና መለጠፊያ የሳይክሉን ስስ የውስጥ ጎማ ስለሚያኮማትረው እምቢ ይበሉ። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፈግ አድርጎ፣ ማስቲሹን ስስ ቀብቶ፣ ጣት ላይ መጣበቅ እስኪያቆም 5 ደቂቃ ያህል ጠብቆ ይለጥፈው። እርጥቡ ላይ ከለጠፈው ማታ ይተነፍሳል። ከዚያ በፊት ግን የውጭ ጎማውን ውስጥ በጣት ያስዳስሱ። ቀዳዳውን ያመጣው እሾህ ወይም ከከባድ መኪና ጎማ የተበጣጠሰ ቀጭን ሽቦ እዚያው ተሰክቶ ይገኛል፤ ካልወጣ ነገም ተመልሰው ይመጣሉ። ንፋስ በኮምፕረሰር ሲሞላ የግፊት መለኪያውን (ገጁን) ይዩ፦ ለእርስዎ ክብደት በ26 በ1.95 ጎማ ከፊት 40፣ ከኋላ 45 ፒኤስአይ ጥሩ ነው፣ ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው እንዳያልፍ ብቻ። ለሲኖትራክ የለመደ እጅ ካልተያዘ በአንድ ትንፋሽ ያፈነዳዋል።

ከቀዳዳ ያለፈ ነገር ሁሉ፣ ማርሽ፣ ራጂ፣ የፔዳል ኩሽኔታ፣ ለሳይክል ሠሪ ነው። ባለሙያ መሆኑን መለየት አይከብድም። የግራ ፔዳል የብሎኑ ጥርስ የተገለበጠ ነው፤ የሚፈታው ወደ ቀኝ ተዙሮ ነው። ሳይጠይቅ ወደ ቀኝ ካዞረ ሳይክልዎን ይስጡት። ወደ ግራ እየታገለ መፍቻውን በቱቦ ሊያስረዝም ከፈለገ ቶሎ ይቀሙት፣ የፔዳሉን ክንድ ጥርስ በልቶ ነው የሚመልስልዎት።

ሰንሰለት በተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ነው፣ ግን ውስጡ የብረት ብናኝ አለ፤ የፒስታ አቧራ ሲጨመርበት ሰንሰለቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል። በነጭ ጋዝ አጥበው፣ አድርቀው፣ በየመጋጠሚያው አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት፣ ከዚያ ላዩን በጨርቅ መጥረግ። ላቫጆ ወስዶ በግፊት ውኃ ማሳጠብ ደግሞ ግራሶውን ከኩሽኔታ ውስጥ ያወጣዋል። ባልዲና ብሩሽ ይበቃል።

ከሲኤምሲ፦
የግፊት መድኃኒቱ ቤታ ብሎከር ከሆነ (አቴኖሎል አንዱ ነው) የልብ ምትዎ እንደሌላው ሰው አይጨምርም፣ ስለዚህ የእጅ ሰዓት ቁጥር ያሳስትዎታል። በትንፋሽ ይለኩ፦ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር እስከቻሉ ድረስ ልኩ ነው። ከመጀመርዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ፤ ደረት ከጨመቀዎት ወርደው ይቁሙ። በሳምንት 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመከራል፣ ይህም በሳምንት ሦስት ቀን 50 ደቂቃ ነው።

ጉልበትዎን የሚያድነው የኮርቻው ከፍታ ነው። በባዶ እግር ግድግዳ ተደግፈው ከብሽሽት እስከ መሬት ይለኩና በ0.883 ያባዙት። 80 ሳንቲም ከሆነ 70.6 ይመጣል፤ ከፔዳሉ መዞሪያ መሐል እስከ ኮርቻው አናት ያ ይሁን። ፊት ለፊት ጉልበትዎን ካመመዎት ኮርቻው ዝቅ ብሏል፣ ከኋላ በኩል ካመመዎት ከፍ ብሏል። 5 ሚሊ ሜትር ብቻ እያደረጉ ያስተካክሉ። መሬት በሁለት እግር ልርገጥ ብሎ ኮርቻ ዝቅ ማድረግ የጀማሪ ሁሉ ስሕተት ነው።

ከሱሉልታ፦
መንገድ ከሆነ ሜዳው እኛ ጋ ነው፣ አትሌቶቹም የሚሮጡት እዚሁ ነው።

ከለገጣፎ፦
እንጦጦን በምን ሊያልፍ ነው? በመኪና ፖርቶመጋላ ጭኖ ካልመጣ ለጀማሪ አይሆንም። ከመግዛትዎ በፊት ልሞክረው ካሉ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ በኪራይ ሳይክል አለ። ግን አየሩ ከአያትም ይሳሳልና እዚያ ላይ ስለደከመዎት ሳይክል አይሆነኝም እንዳይሉ። ለመለማመድ የሰፈሩ የኮንዶሚኒየም ውስጥ ለውስጥ ይሻላል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል በፊት አይውጡ፣ ዳር ዳሩ ጅብም ውሻም አለ፤ ከ3 ሰዓት በኋላ ደግሞ የአሸዋ መኪኖቹ ይበዛሉ። ክረምት ላይ ከአስፋልት አይውረዱ። ጥቁሩ አፈር ጎማና ፍሬን መሐል ተጠቅጥቆ ጎማውን ያቆመዋል፣ በእጅ ነው የሚፋቀው። ለዚህ ነው ፍሬኑ የዲስክ ይሁን የምለው።

ጠያቂ፣ ከአያት፦
ተባረኩ። የጾም ቀን ምን ይያዛል? ቤተ ክርስቲያን ስሄድስ ነጠላው?

ከሲኤምሲ፦
ከ1 ሰዓት በታች ለሆነ ውኃ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ በሶ በጥብጠው በአንድ ኮዳ፣ ኪስ ውስጥ ተምር። ሳይበሉ የሚያስቀድሱ ከሆነ የዚያን ቀን ዳገት ይቅርብዎ።

ከየካ አባዶ፦
ነጠላው ራጂ ውስጥ ከገባ የኋላ ጎማውን ባንዴ ይቀፈድደዋል፣ ጥለቱም አይተርፍም። ሰንሰለቱ ላይ መከለያ ያለው ሳይክል ይምረጡ፤ ነጠላውን ግን ቦርሳ ውስጥ ይያዙትና ደጀ ሰላሙ ሲደርሱ ይልበሱት።