ጥቆማ፦ ሥራ ሳያቆሙ ዲግሪ መማር፤ ማታ፣ ቅዳሜና እሁድ ወይስ በርቀት?

ጥያቄ፦ ጀሞ እኖራለሁ፤ የምሠራው ሜክሲኮ አካባቢ በአንድ ድርጅት ሒሳብ ክፍል ነው። የተቀጠርኩት በዲፕሎማ ስለሆነ እድገት በመጣ ቁጥር ዲግሪ ያላቸው ያልፉኛል። ሁለት ልጆች አሉኝ። አካውንቲንግ ለመማር የትኛው መንገድ ይሻለኛል? የት ብማርስ ይበጀኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ የተቋም ስም ከማማረጥሽ በፊት ሰዓትሽን ቁጠሪ። ሥራ ላይ ሆነው ትምህርት ጀምረው መሃል ላይ ያቋረጡ ብዙ ባልደረቦች አሉኝ። ትምህርቱ ከብዷቸው የተዉት ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኞቹን ያሸነፋቸው መንገዱ፣ የልጅ ሕመምና የወር መጨረሻ ሥራ ነው።

የማታ ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ ከ11፡30 ጀምሮ እስከ ምሽቱ 2፡30 ገደማ ይዘልቃል። ሥራሽ ሜክሲኮ ስለሆነ መግባቱ አይቸግርሽም። ከ1935 ዓ.ም. ጀምሮ የሒሳብ ሠራተኛ ሲያወጣ የኖረው፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ኮሜርስ ሰንጋ ተራ ነው፤ በእግርሽ ትደርሻለሽ። ቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲም እዚያው ሜክሲኮ ነው። የሚከብደው መውጫው ነው። በዚያ ሰዓት ለጀሞ ታክሲ ተሰልፈሽ፣ ቤት ስትደርሺ ልጆቹ ተኝተዋል። ይህን በሳምንት አራትና አምስት ቀን፣ ለዓመታት መቻል አለብሽ። ልጆቹን የምትይዝልሽ እናት ወይም እህት ካለች ማታ ጥሩ ነው፤ ትምህርቱ በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ስለሚሰጥ ይዋሃዳል። ከሌለች ግን የእኔ ምክር ቅዳሜና እሁድ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ መቀመጥ ያደክማል፣ ቤተ ክርስቲያኑም ለቅሶውም ሠርጉም የሚውለው በእነዚሁ ቀናት ነው። ቢሆንም አምስቱን ምሽት ከልጆችሽ ጋር ታመሺያለሽ።

ርቀትን በተመለከተ ሐሳቤን በግልጽ ልናገር። ለማኔጅመንት ወይም ለሶሲዮሎጂ ቢሆን አልቃወምም፤ ማንበብ የሚወድ ሰው ሞጁሉን ይዞ ይዘልቀዋል። አካውንቲንግን ግን በርቀት እንድትጀምሪው አልመክርሽም። የወጪ ሒሳብ ጥያቄ አንድ መስመር ላይ ከሳትሽው ታችኛው ሁሉ ይበላሻል፤ ሰሌዳ ላይ ሠርቶ «እዚህ ጋ ነው የሳትሽው» የሚል መምህር ያስፈልግሻል። የርቀቱ ቲቶሪያል በየተወሰነ ጊዜ ስለሚመጣ፣ ያ ስህተት እስኪታረም ብዙ ምዕራፍ ታልፊያለሽ። ከአዲስ አበባ ውጪ ሆኖ ሌላ ምርጫ ለሌለው ሰው ደግሞ ርቀት ትልቅ በር ነው፤ እሱ ቢያንስ አንድ አብሮት የሚያጠና ሰው ይፈልግ።

የማስተማሪያውን ጥራት የምትለኪበት ቀላል መንገድ አለ። ሞጁሉን ወይም ሃንድአውቱን ተቀብለሽ የዕቃ ክምችት ዋጋ አሰላል የሚለውን ምዕራፍ ግለጪ። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 ዓለም አቀፉን የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ፣ ማለትም አይኤፍአርኤስን ተቀብላለች፤ ይህ ደረጃ ሊፎን፣ ማለትም መጨረሻ የገባው ዕቃ መጀመሪያ እንደወጣ አድርጎ የሚያሰላውን ዘዴ፣ አይፈቅድም። መጽሐፉ ሊፎን ከፊፎ (መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ይወጣል ከሚለው) እና ከአማካይ ዋጋ ጋር እኩል አሰልፎ የሚያስተምርና አይኤፍአርኤስን የማያነሳ ከሆነ ያረጀ ነው። በብሔራዊ ቴአትርና በለገሃር አካባቢ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች የሚገኙት ወፍራም የአሜሪካ መጻሕፍትም እንዲሁ ናቸው። ለመሠረታዊው ሒሳብ በጣም ይጠቅማሉ፣ ዋጋቸውም ይቀላል፤ ለክምችት፣ ለቋሚ ንብረትና ለሪፖርት አቀራረብ ግን አትደገፊባቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለግል ተቋም ፈቃድ የሚሰጠው በጥቅሉ አይደለም። ፈቃዱ ለየትምህርት ዓይነቱ፣ ለየደረጃው፣ ለየግቢውና ለየአሰጣጡ ነው። አንድ ተቋም በዋናው ግቢ አካውንቲንግ በመደበኛ ለማስተማር ፈቃድ ስላለው ብቻ ሠፈርሽ በከፈተው ቅርንጫፍ በርቀት ማስተማር ይችላል ማለት አይደለም። አንድ የቅርብ ዘመዴ ዓመታት ተምሮ ማስረጃውን ለማረጋገጥ ሲሄድ የተማረበት ግቢ ፈቃድ እንዳልነበረው ተነገረው። ስለዚህ መዝጋቢዋ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰርተፍኬት ስታሳይሽ ቆም ብለሽ አንብቢ፤ «አካውንቲንግ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ በዚህ ግቢ፣ ቅዳሜና እሁድ» የሚለው አንድ ላይ አለ? የሚያበቃበት ቀንስ? ከዚያም ራስሽ ባለሥልጣኑ ዘንድ አረጋግጪ። በቅርቡ የግል ተቋማት እንደገና እንዲመዘገቡ ተደርጓልና የዛሬ ሦስት ዓመት የሰማሽው ዝና ዛሬ አይሠራም።

በዲፕሎማሽ መግባት መቻልሽንም እዚያው ጠይቂ። የ10+2፣ የደረጃ 4 ከሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ጋር፣ የቀድሞው ዲፕሎማ እየተባለ የመግቢያ መስፈርቱ በየጊዜው ተቀያይሯል። «ግድ የለም፣ ተመዝገቢ፣ በኋላ ይስተካከላል» የሚልሽን ተቋም ጥለሽ ውጪ።

ስለ ክፍያ ደግሞ፣ ዋጋ ስታነጻጽሪ በምን እየቆጠሩ እንደሆነ ለዪ። አንዱ በክሬዲት አወር፣ ሌላው ኢሲቲኤስ በሚባለው የአውሮፓ የኮርስ መለኪያ ይነግርሻል። 3 ክሬዲት አወር ያለው ኮርስ በኢሲቲኤስ 5 ይሆናል፤ ስለዚህ በኢሲቲኤስ የተነገረሽ ዋጋ ለጆሮ ርካሽ ይመስላል። የሁሉንም ጠቅላላ ቁጥር ጠይቀሽ አባዢ። የምዝገባ፣ የቤተ መጻሕፍት፣ የድጋሚ ፈተናና የምረቃ ክፍያንም ጨምሪ። በየዓመቱ ዋጋ ይጨመር እንደሆነም በጽሑፍ ይንገሩሽ።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። ከመንግሥትም ከግልም፣ በማታም በርቀትም የሚማር ሁሉ 50 ከመቶ ካላመጣ ዲግሪውን አይቀበልም። ይህ ለአንቺ ጥሩ ዜና ነው ብዬ አምናለሁ፤ በማታ የተማረ ሰው ዲግሪ በመደበኛው ከተማረው እኩል እንዲከበር አድርጓል። ግን ፈተናው በኮምፒውተር ስለሆነ ያገለገለም ቢሆን ላፕቶፕ ያዢ። ስትገዢ ቻርጀሩን ነቅለሽ ባትሪውን ፈትኚው፤ መብራት ሲጠፋ የምታጠኚው በእሱ ነው። ዋናው የፈተና ወቅት ሰኔ አካባቢ ሲሆን፣ ለሒሳብ ሠራተኛ ደግሞ በጀት ዓመቱ የሚዘጋበትና የዕቃ ቆጠራ የሚደረግበት ጊዜ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ ለፋሲካና ለገና አትበትኚው፣ ለፈተና አቆዪው። አለቃሽንም ከአሁኑ አነጋግሪ።

ቤት ውስጥ ማጥናት ካልሆነልሽ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ለመንገድሽ ቅርብ ነው። አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ሰፊና ጸጥ ያለ ነው፤ ወጣቶቹ ቦታውን ቀድመው ስለሚይዙት በጠዋት መድረስ ይፈልጋል።

በእኔ ሚዛን የአንቺ ቅደም ተከተል ይህ ነው፤ መጀመሪያ ሜክሲኮ ወይም ከሜክሲኮ እስከ ጀሞ ባለው መንገድ ላይ ፈቃዱ የተሟላ ቅዳሜና እሁድ፤ ሁለተኛ ማታ፣ ኮሜርስ በዚያ ዓመት አካውንቲንግ በማታ ከከፈተ ሬጅስትራሩን ጠይቀሽ። ገርጂ ያለው ዩኒቲ ነባር የግል ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ግን ከጀሞ ከተማውን ማቋረጥ ስለሆነ ለአንቺ አልመርጠውም። ለቦሌና ለመገናኛ ሰው ይስማማል።

ሌላ ጥያቄ፦ እኔ ደሴ ያለሁ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ዲግሪ አለኝ፤ ማስተርስ ፈልጌ ነበር። ከሥራዬ ሳልለቅ ይቻላል?

መልስ፦ መምህር፣ ይቻላል። ለእርስዎ የሚመቸው የክረምት መርሐ ግብር ይመስለኛል፤ ተማሪዎችዎ ሲዘጉ እርስዎ ይከፍታሉ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ከተማዎ ስላለ የእርስዎን የትምህርት ዓይነት በክረምት ይከፍት እንደሆነ ከወዲሁ ይጠይቁ። ከዚያ በፊት ግን ብሔራዊውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ አለብዎት፤ ለእሱ የእንግሊዝኛ ንባብና የሒሳብ ጥያቄ መለማመድ ይጀምሩ።

የውጭ አገር የርቀት ትምህርትም አለ። የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ ዩኒቨርሲቲ አቃቂ ማዕከል አለው። አቶ መለስ ዜናዊ በ1995 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ማስተርሳቸውን የያዙት አገር እየመሩ በርቀት ተምረው ነው፤ መንገዱ የሚናቅ አይደለም። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ እንደሚሆን አስቀድመው ያስቡበት፤ ከመመዝገብዎም በፊት ማስረጃው እዚህ የአቻ ግምት ያገኝ እንደሆነ ባለሥልጣኑን ይጠይቁ።