የስትሮክ ሲቲ አንጂዮ፦ ኮላተራል የለም ወይስ ቀድመን አነሳን?

ጠያቂ፣ ሐዋሳ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሲቲ ማሽናችን ባለ 64 ስላይስ ነው። ግራ ኤምሲኤ (መካከለኛው የአንጎል ደም ቅዳ) ተዘግቷል፤ ከተዘጋበት ወዲያ ምንም ደም ሥር አይታይም። ኮንትራስት (ደም ሥርን አጉልቶ የሚያሳይ ፈሳሽ) የሌለው ሲቲ ላይ ግን አስፔክትስ (ከ10 የሚሰጥ ነጥብ፣ 10 ማለት የጉዳት ምልክት የለም) 9 ነው። «ኮላተራል (የተዘጋውን የሚተካ የደም መንገድ) የለም» ብለን እንጻፍ? የሰጠነው ኮንትራስት 60 ሚሊ፣ በሰከንድ 3 ሚሊ፣ በግራ ክንድ።

ኒውሮ ራዲዮ፦ አትጻፉ። ኮላተራሉ ከፊተኛውና ከኋለኛው ደም ቅዳ በአንጎል ሽፋን በኩል ዞሮ ስለሚመጣ ይዘገያል። ሳጂታል ሳይነሱን (ከአንጎል ደም የሚመልሰውን ትልቅ ደም መልስ) እዩት፤ ገና ካልሞላ ቀድማችኋል ማለት ነው። ያለውን የለም የሚያሰኘው ይኸው ነው።

ስካን ክፍል፦ ክንዱም ይቀየር። የግራው ደም መልስ በአርኩ (የአኦርታ ቅስት) ቅርንጫፎች ፊት ስለሚያልፍ ወፍራሙ ኮንትራስት ምስሉ ላይ ጭረት ሠርቶ ይሸፍናቸዋል። ቀኝ ክርን ላይ አረንጓዴው 18 ካኑላ፣ ካልተገኘ ሮዙ 20። 70 ሚሊ በሰከንድ ከ4 እስከ 5 ሚሊ፣ ተከትሎ 40 ሚሊ ሳላይን። በእጅ መግፋት ይህን ፍጥነት አይሰጥም። ትራኪንጉን (ኮንትራስቱ መድረሱን ማሽኑ የሚከታተልበትን) አኦርታ ላይ አድርጉ፣ 100 ኤችዩ (የሲቲ ንጣት መለኪያ) ሲደርስ ይነሳ፤ ልቡ የደከመ ታካሚ ላይ በግምት ሰከንድ መቁጠር ዋጋ የለውም። መጀመሪያ ከአርክ እስከ አናት፣ ከዚያ ጭንቅላት ብቻ ሁለት ጊዜ፣ በየ8 ሰከንዱ ልዩነት። ተጨማሪ ኮንትራስት አይፈልግም።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። የኮላተራሉ ደረጃስ እንዴት ይሰጣል?

ኒውሮ ራዲዮ፦ አክሲያል ሚፕ (ደም ሥሮችን አጉልቶ የሚያሳይ አግድም ምስል) በ20 ሚሊሜትር ውፍረት ሠርታችሁ ከጤነኛው ጎን አስተያዩ። በታን ስኮር (የኮላተራል ነጥብ) ምንም ከሌለ 0፣ እስከ ግማሽ ከሞላ 1፣ ከግማሽ በላይ ሆኖ ካልሞላ 2፣ ሙሉ ከሆነ 3። ከአንድ ፌዝ (የማንሻ ዙር) ብቻ የተሰጠ 0 ካለ ፌዙን ሪፖርቱ ላይ ጥቀሱ።

ድንገተኛ ሐኪም፦ ይህ ሁሉ አልቴፕሌዙን (የረጋ ደም የሚያሟሟውን መድኃኒት) አያዘግይ፤ ኮላተራሉ ደካማ ነው ተብሎም አይከልከል። ለስካኑ ክሪያቲኒን (የኩላሊት ምርመራ) መጠበቅም አያስፈልግም። አልቴፕሌዝ የሚሰጥበት 4 ሰዓት ተኩል የሚቆጠረው ታካሚው ሐዋሳ ከደረሰበት ሳይሆን ደህና ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ ከታየበት ነው፤ ከይርጋለም ለሚመጣ ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው። መድኃኒቱ የሚሰጠው ከሆነ ግፊቱን ከ185/110 በታች አውርዱ። የማይሰጠው ከሆነና ሌላ አስገዳጅ ምክንያት ከሌለ እስከ 220/120 ተዉት፤ ኮላተራል የሚኖረው በግፊት ነው። ከምላስ ሥር የሚሰጥ ኒፈዲፒንማ ጨርሶ አይታሰብ፣ ግፊቱን በድንገት ይጥለዋል።